ጋሽ ኦኬ ሳይጨርሱ እስክሪብቶ አይገኝም

አንድ ቃል በሰላም እንዲያልፍ የማይፈቅድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ካለ አሳዩኝና ነገውኑ ማመልከቻ አስገባለሁ። እንዲህ ያለው ሰው «እንዴት አደሩ?» ሲባል «ደህና» ብሎ አያልፍም፤ «ደህና» የሚለው ቃል ራሱ እንዴት እንዳደረ ይተርክላችኋል። ሊፍት ስትጠብቁ መጥቶ አጠገባችሁ ይቆማል። ሊፍቱም እንደተማከሩ ሁሉ ያን ቀን ይዘገያል።

ለእኛ ማተሚያ ቤት የደረሱን ክቡርነታቸው፣ የፊደል ዘብ፣ የቃላት ሁሉ ጠበቃ፣ ጋሽ ኦኬ ናቸው። መቼም እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። አራሚያችን ናቸው። ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዱን መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ከሃያ ስድስቱ ዓመት አሥራ አንዱን ፊታቸው ተቀምጬ አሳልፌያለሁ፤ ስለዚህ የማወራው ሰምቼ ሳይሆን ተሰቃይቼ ነው።

ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። እኛ ዘንድ ማንኛውም ነገር፣ የሠርግ ጥሪም ይሁን የሳሙና መጠቅለያ፣ ምድር ቤት ወዳለው ማሽን ከመውረዱ በፊት ለናሙና አንድ ቅጂ ይወጣል። ፕሩፍ እንለዋለን። ደንበኛው ራሱ ይመጣና ጋሽ ኦኬ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፕሩፉን አይቶ፣ ከታች በስተቀኝ «ኦኬ» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ስህተት ቢገኝ ዕዳው የራሱ ነው። እንግዲህ ሁለት ፊደል ጽፎ መፈረም ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ግማሽ ደቂቃ ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ እስክሪብቶው በጋሽ ኦኬ እጅ ባይሆን ኖሮ።

ደንበኛው እጁን ይዘረጋል። ጋሽ ኦኬ እስክሪብቶውን ወደ ደረታቸው ይስባሉ።

«ለመሆኑ ይቺ ሊጽፏት ያሰቧት ቃል ከየት እንደመጣች ያውቃሉ?»

አለቀ! ያ ሰው ቀጠሮ ካለው ይሰርዝ፤ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ከሆነም ተስፋ ይቁረጥ።

«ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ነው» ይላሉ፣ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው። «አንድ ባሕር ማዶ ያለ ከተማ ውስጥ የጋዜጣ ጸሐፊዎች ቀልድ አማራቸው። ‹ሁሉም ልክ ነው› የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ጻፉትና፣ የሁለቱን ቃላት መነሻ ፊደል ብቻ አስቀሩ። ልብ ይበሉ ጌታዬ! ‹ልክ ነው› የምንልባት ቃል ራሷ የተወለደችው ከስህተት ነው!» እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ። በየቀኑ፣ ልክ ያን ጊዜ እንደሰሙት አድርገው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

ይህ የሰኞው ነው። ማክሰኞ የሚመጣው ደንበኛ ቃሏ የግሪክ መምህራን ጎበዝ ተማሪ ወረቀት ላይ ይጽፏት የነበረች «ሁሉ መልካም» የምትል ምስጋና መሆኗን ይሰማል። ረቡዕ በባርነት ተግዘው የሄዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ከአገራቸው ይዘዋት ሄዱ። ሐሙስ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች «እንዲያ ነው» የሚሉባት ቃል ሆነች። ዓርብ ደግሞ የፈረንሳይ ወደብ ውስጥ በርሜል ላይ ተጽፋ ተገኘች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምንሠራ ታሪኩም ግማሽ ነው።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰኞ የጋዜጠኞች ናት አሉ፤ ዛሬ በርሜል ላይ ተገኘች። እውነቱ የቱ ነው?»

«የጋዜጠኞቹ ነው እንጂ! ተመራማሪዎቹ በማስረጃ የደረሱበት እሱ ነው» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

«ታዲያ ሌላውን ለምን ያወራሉ?»

«እህት ዓለም፣ ሁሉ የሚወዳት ልጅ ስትገኝ አባቷ ነኝ ባዩ ይበዛል። እኔ ማን ነኝና ነው አንዱን ከደጅ የምመልሰው?»

አመጣጧ ሲያልቅ ትርጉሟ ይጀመራል። በእሳቸው ቆጠራ አሥራ ሰባት ትርጉም አላት። ሐኪም ራጅህን ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ አገጩን እያሻሸ «ኦኬ...» የሚላት አለች፤ እሷ ላብ በላብ ታደርጋለች። ደረጃ ላይ ወድቆ ጉልበቱን እንደያዘ «ኦኬ ነኝ፣ ኦኬ ነኝ» የሚለው ሰው አለ፤ የሱ ትርጉም «አትዩኝ» ነው። ስልክ ላይ ሦስቴ ስትደጋገም «በናትህ ልዝጋው» ማለት ነው። ከሁሉም የምትከፋው ፈቃድ ስትጠይቁ አለቃ የሚመልሳት ናት፤ እሺም አይደለች እንቢም አይደለች፣ በማግስቱ ሥራ ግቡ አትግቡ አይታወቅም።

ደንበኞቻችን ያላደረጉት ነገር የለም። አንዱ ባለሱቅ ወንድሙን ላከ፤ ወንድሙም ተይዞ ቀረ። አንዷ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የፈተና ወረቀት ልትፈርም መጥታ፣ ተማሪ ሆና ተመለሰች። አንድ ሰው ደግሞ ብልጥ ነኝ ብሎ መስማት የተሳነው መሰለ፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ኦኬ በጣም አዘኑለት። ወረቀት አወጡና ትምህርቱን ከጋዜጠኞቹ እስከ በርሜሉ ድረስ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉለት፤ ጽፈውም አላበቁም፣ በቀይ አረሙት። ሰውየው ቁጭ ብሎ አነበበው። ምን ያድርግ?

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈጣን ነው እንጂ። ሲሄድ እንኳ ከጫማው ይቀድማል። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ሌላ ቦታ እኮ ፕሩፍ በስልክ ነው የሚላከው» አለኝ። «ደንበኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፎቶውን ያያል፣ ኦኬ ብሎ ይመልሳል፣ ማሽኑ ይነሳል። እኛ ጋ ሰው ሰዓቱን ሲያቃጥል ይውላል። አንቺ ፊት ለፊታቸው ነሽ። አንድ ሳምንት በሰዓት ያዢልኝና ሪፖርት ጻፊ። የወሩ መጨረሻ ላይ ውላቸው ያልቃል፤ ማደስ አለማደሱን በሱ እወስናለሁ።»

ነገሩ ገባኝ። ጋሽ ኦኬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሚሠሩት በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቹም ሩቅ ናቸው። ቤታቸው የሚጠብቃቸው አንድ ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ያወራል እንጂ አይሰማም። ይህ ወንበር ከተወሰደባቸው ያ ሁሉ ወሬ የት ይገባል? ሰውየው በአንድ ክረምት ነው የሚያልቁት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። «ሌላ ሰው ያስጽፉ» ልለው ይገባ ነበር። አላልኩም። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው!

ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰዓት ያዝኩ። «ለመሆኑ ይቺ ቃል» ሲሉ እጀምራለሁ፤ ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ አንገቱን ሲደፋ አቆማለሁ። አሥራ ዘጠኝ ደንበኛ መጣ። በአማካይ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ቆንጆ አድርጌ አስተካክዬ፣ ርዕሱን አድምቄ። «ንግግሩ አላስፈላጊ በመሆኑ ቢቀር» ብዬ ዘጋሁና አተምኩት።

አሁን የሆነውን የማተሚያ ቤት ሰው ካልሆነ የሚያምነኝ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ማተሚያ የወጣ ወረቀት የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ለእርማት የሚቀርቡ ነገሮች የሚቀመጡባት፣ ጋሽ ኦኬ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ያለች የሽቦ ቅርጫት ውስጥ። እጄ እኔን አልጠየቀኝም። ወረቀቱን አነሳ፣ ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጠ፣ ተመልሶ መጣ። እኔም ተነስቼ ምሳዬን በላሁ።

ስመለስ ጋሽ ኦኬ ሁለተኛውን መነጽር ከግንባራቸው አውርደዋል። ቀይ እስክሪብቶው በእጃቸው ነው። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን የማነበው የራሴን ርዕስ ነው፤ «ጉዳዩ፦ የአራሚው ንግግር የሚፈጀውን ጊዜ ስለማሳወቅ»።

ተሯሩጬ ልንጠቃቸው? ታምሜ ወድቄ ላስደንግጣቸው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር! ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው እስከ መጨረሻው መስመር በእርጋታ አነበቡ፣ ተነሱ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ሦስት እርማት አለበት። «አላስፈላጊ» የሚለው ላይ በጥድፊያ አንድ ፊደል ዘልዬ ኖሮ አስገብተውልኛል። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምረዋል። አሥራ አንድ የሚለውን ሰርዘው አሥራ አራት ብለዋል። ከታች በስተቀኝ ደግሞ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ «ኦኬ» ብለው ፈርመዋል።

«ጋሼ... እኔ እኮ...» አልኩ።

«ጽሑፉ ደህና ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ቁጥሩ ላይ ግን ተሳስተሻል። ሰዓቱን የምታቆሚው ሰውየው አንገቱን ሲደፋ ነው። አይደለም?»

«አዎ። ከዚያ በኋላማ አይሰማዎትም ብዬ ነው።»

«አይሰማኝም። ያነባል።»

«ምን?»

ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «እህት ዓለም፣ ሰው ፕሩፍ አያነብም። ‹እባክዎ ያንብቡ› በይው፤ ‹አንብቤዋለሁ› ይልሻል። ሃያ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። ካሰለቸሽው ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል፤ ቀጥሎ ጣራውን፣ ቀጥሎ በሩን። ሌላ የሚያየው ነገር ሲያጣ ከእኔ ለመሸሽ ወረቀቱን ያያል። ይህ የሚሆነው አሥራ አንደኛው ደቂቃ ገደማ ነው። ያኔ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ አላቆምም፣ ካቆምኩ ብድግ ይላል። ሦስት ደቂቃ ያነብልኛል። ሥራው ያ ሦስት ደቂቃ ነው።»

«ግን የሚያርሙት እርስዎ አይደሉ?»

«ያለውን ፊደል አርማለሁ። የሌለውንስ? የቀረ ስም፣ የተሳሳተ የስልክ ቁጥር፣ እኔ በምን አውቄ? እሱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ሆን ብዬ አሰለቻለሁ ብዬ?» ተቆጡ። «ከታወቀማ ማን ይሰለችልኛል!»

ግማሽ ልቤ አመናቸው፤ ግማሹ ደግሞ «ሽማግሌው ለሱሳቸው ምክንያት አገኙለት» አለኝ። ሪፖርቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው መጣ። እናቱ ሞተውበት፣ ቀብሩ ላይ የሚታደለውን የመታሰቢያ ጽሑፍ ልንሠራለት ነው። ይዘቱን በስልክ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ያልተኛ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የእናቱ ፎቶ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ፕሩፉን ገና እንደተቀበለ በፊቱ ደፋው።

«ኦኬ ነው፣ ኦኬ ነው። እስክሪብቶ ስጡኝ ልፈርም።»

ጋሽ ኦኬን አየኋቸው። በዓይኔም በእጄም «ዛሬ እንኳ ይተዉት፣ በእግዚአብሔር!» አልኩ። እስክሪብቶውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ነፍስ ይማር። ይቺ ቃል ግን ከየት እንደመጣች...»

በጣም ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ ያን ደቂቃ ጠላኋቸው። ሰውየው ዓይኑን ከግድግዳው ሰዓት አልነቀለም። ድምፃቸው እንደወትሮው አልነበረም፤ ሳቁም የለ፣ ዝግ ብለው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነበር የሚያወሩት። ሰባት ደቂቃ ሆነ። ሰውየው ጣራውን አየ። ዘጠኝ። በሩን አየ። እግሩ ወለሉን ይመታል። አሥራ አንድ። ወረቀቱን ገለበጠው።

መጀመሪያ የእናቱን ፎቶ ብዙ አየ። ከዚያ ገለጠ። ጋሽ ኦኬ ድምፃቸውን አወረዱ፤ ስለ በርሜል ይመስለኛል፣ ለማንም የማይሰማ ነገር ያጉተመትማሉ። የሰውየው ጣት የልጆቹ ስም ዝርዝር ላይ ወረደ፣ ደረሰ፣ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ስድስት» አለ።

«ሰባት ነን እኮ። ትንሿ የለችም።» ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ጋሽ ኦኬ። «ትንሿን ረሳኋት! እናታችንን ስምንት ዓመት ያስታመመቻት እሷ ናት። ሌሎቻችን እኮ እንግዳ ነበርን። በስልክ ሳስጽፍ አጠገቤ ነበረች፣ ውሃ ስታቀርብልኝ። ሩቅ ሩቅ ያሉትን ስቆጥር፣ ስቆጥር...»

ነገ ያቺ እህት ወረቀቱን ከሰው እጅ ተቀብላ፣ የእናቷን ልጆች ስም ስታነብ፣ ራሷን ፈልጋ ስታጣ ታየኝ። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰ።

ጋሽ ኦኬ ወሬያቸውን አቆሙ። ሲረጋጋ ቀዩን እስክሪብቶ አቀበሉት።

«ስሟን እርስዎ ይጻፉት» አሉ። «በእርስዎ እጅ ይሁን።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ መዝገብ ክፍል ወርጄ የዚያን ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ፕሩፍ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ሰባቱ ላይ በደንበኛ እጅ የተጻፈ እርማት አለ። አንዱ የሱቁ ስልክ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ኖሯል። የአንዷ የሠርግ ቀን በስህተት በሳምንት ተገፍቶ ኖሯል። ያቺ ዳይሬክተር ዳግም መጥታ ከምርጫዎቹ ውስጥ መልሱ የሌለበት ጥያቄ አግኝታለች። ሁሉም በዚያች እኔ ሰዓቴን በዘጋሁባት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሪፖርቱን ከራሱ ጀምሬ ጻፍኩትና ሰባቱን ፕሩፎች ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ስለ ሰውየውም ነገርኩት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«አጠገቡ የነበረችዋን ነው የረሳው አልሽኝ?» አለ።

«አዎ።»

«ውሉን አንቺው ጻፊው። ምን መጨመር እንዳለበትም አንቺ ታውቂያለሽ። እፈርማለሁ።»

የወሩ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሉን ጋሽ ኦኬ ፊት አስቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ገጽ አላዩም። ሁለተኛውንም አላዩም። በቀጥታ መጨረሻው ገጽ ላይ ሄደው የፊርማውን ቦታ ፈለጉ፤ ልክ እንደማንኛውም ደንበኛ!

«እስክሪብቶዬ የታለ?» አሉ ጠረጴዛውን እየዳበሱ።

እኔ ጋ ነው። ወደ ደረቴ ሳብኩት።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ይቺ ሊጽፏት ያሰቧት ቃል ከየት እንደመጣች ያውቃሉ?»

ያበድኩ መሰላቸው። «አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል?»

ጀመርኩ። አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር አልኩ፣ ዕቃ ሲረከብ የስሙን መነሻ ፊደላት የሚጽፍ፤ ከእሱ ነው የመጣችው የሚሉ አሉ። የተናገርኩት ሁሉ የእሳቸው ነው፤ አፌ ላይ ግን አላማረም፣ አንዱን ከአንዱ ቀላቀልኩት። ሰዓቱን አዩ። ጣራውን አዩ። በሩን አዩ። ሆን ብዬ መሆኑ ቢገባቸውም ምንም አልረዳቸው፤ ሰው እንዴት ይሰለቻል እናንተ! በመጨረሻ ከእኔ ለመሸሽ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ።

አንቀጽ አራት ላይ ደረሱ። ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር አወረዱ። «አራሚው ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር፣ ደንበኛው ወረቀቱን ማንበብ እስኪጀምር ድረስ፣ ስለ ቃላት አመጣጥ ይነጋገራል። ይህ የሥራው አካል ነው።» ሁለቴ አነበቡት። ሦስተኛ ጊዜም ጀመሩና መነጽሩ ጉም ለበሰባቸው።

የእኔም ዓይን ደህና አልነበረም። የሚያናድዱኝን ሰው ይህን ያህል እንደምወዳቸው በምን አውቄ!

አፍንጫቸውን ጠረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኮስታራ ፊት ቀና አሉ።

«የባቡር ጣቢያውን ታሪክ እንዳልነበር አደረግሽው» አሉኝ። «እንዲህ አይወራም። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ምድር ቤት ማሽኑ ቆሞ የእኔን ገጽ ይጠብቃል። ይጠብቅ። ቁጭ አልኩ።